የመነጽር ሠሪው ጥቁር መኪና

መኪናዋን የገዛት ጥቁር ስለሆነች ነው። ሚስቱ ነጯን ነበር የመረጠችው፤ «ነጭ አቧራ ይደብቃል፣ ገመናህን አያወጣም» ብላ። እሱ ግን ወደ ጥቁሯ ጠጋ ሲል በሯ ላይ የራሱን መልክ አየ። ትከሻው ሰፍቶ፣ ደረቱ ሞልቶ፣ ሲመኘው የኖረውን ሰው መስሎ። ወደ ውጭ የጎበጠ ነገር ቁመት አሳጥሮ ወርድ እንደሚያበዛ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሌንስ ሲሞርድ የኖረ ሰው ሊጠፋው አይገባም ነበር። ጠፍቶትም አይደለም። ለዚያች ቀን ሙያውን ቤት ትቶት መጥቶ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያወራው ራሱ ነው። ደንበኞቹ ሌንሳቸው እስኪሞረድ በጠባቧ መነጽር ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ሌላ ባለሱቅ ቢሆን ስለ አየሩ ያወራቸዋል፤ እሱ ስለ ሞኝነቱ ያወራቸዋል። «እኔን ለማማት እንዳትቸገሩ እኔው ልጀምርላችሁ» ይልና ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቀመጣል።

በዚያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ግቢው ይወጣል። መኪናዋ ስስ አቧራ ለብሳ ታድራለች። አቧራ የማንም መኪና ላይ ያርፋል፤ እሱ ግን አንድ ሰው ሆነ ብሎ የበተነበት ይመስል ይናደዳል። መጀመሪያ በላባ መጥረጊያ ከጣሪያዋ ጀምሮ ያራግፋታል። ቀጥሎ ከኪሱ ቢጫ ጨርቅ ያወጣና ኮፈኗን፣ በሮቿን፣ የኋላ ክዳኗን ክብ ክብ እየሠራ ይፈትጋታል። ውሃ አያስነካትም። ጠብታ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ጥሎ ይሄዳል ሲባል ሰምቶ ነበርና፣ ውሃ የሚነካት ላቫጆ ስትገባ ብቻ ነው። ከላቫጆ እስከ ላቫጆ ባለው ጊዜ ግን እንደታጠበች፣ እንዳብረቀረቀች፣ ልክ ዛሬ ከመርከብ የወረደች መስላ መቆየት ነበረባት። ይህንንም በደረቅ ጨርቅና በክንዱ ጉልበት አደርገዋለሁ ብሎ ተነሳ። ቀይ መብራት ሲይዘው እንኳ ዘሎ ወርዶ የፊት መብራቷን ጠረግ ጠረግ አድርጎ የሚገባበት ቀን ነበር፤ ከኋላው ያለው ሹፌር ክላክሱን ሲያንባርቅበት በአክብሮት እጁን ያነሳለታል።

ጨርቁ ከእጁ ስለማይለይ፣ ከሱቁ ጎን ያለው ፎቶ አንሺ «ባለጨርቁ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ መንገዱን ተሻግሮ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደረሰ። ፎቶ አንሺው ነገር መጨመር ይወዳል፦ «ሰው ሲያብድ ጨርቁን ይጥላል፤ የኛው ጎረቤት ደግሞ ጨርቁን አልጥልም ብሎ አበደ።» መነጽር ሠሪው ይህን ሲሰማ አልተቀየመም። ምቀኝነት ነው ብሎ ተጽናና። ፎቶ አንሺው መኪና የለውማ።

ከሱቁ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን እዚያ ጥላ ሥር ያቆማል። እሱ ግን ዛፉ ላይ ወፎች አሉና፣ ወፎችም ሆድ አላቸውና፣ ከመንገዱ ማዶ ርቆ ጠራራ ፀሐይ ላይ ያቆማትና ላብ በላብ ሆኖ በእግሩ ይመጣል። መኪና ከገዛ ወዲህ በእግሩ የሚሄደው ድሮ ከሚሄደው በለጠ። ያም ሆኖ አንዲት ወፍ አላጣችውም። ኮፈኗ ላይ የጣለችበትን ደርቆ ሲያገኘው በጥፍሩ ፈቀፈቀው፣ የቀረውን በጨርቁ ፈተገው፣ ከዚያም ወደ ዛፉ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አፈጠጠ።

ሚስቱ የሂሳብ መምህርት ናት። ነገር አታበዛም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ስትዘጋ ጣቷ ያረፈበትን ቦታ ሲጠርግ አይታ፣ «እኔንም እንዲህ አየት የምታደርገኝ ጊዜ ነበር» አለችው። እሱም «ምን አልሽ?» አላት። ሰምቷል፤ ግን የበሩን እጀታ እየጨረሰ ነበር።

አንድ አድናቂ ነበረችው። ታላቅ እህቱ። እናትና አባታቸው ሲሞቱ በልብስ ስፌት አሳድጋዋለች፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ እየሰፋች እሱን መነጽር ሥራ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አብቅታዋለች። እሷ ራሷ አላገባችም። ግቢው ውስጥ ባለች ክፍል ከነስፌት መኪናዋ ትኖራለች። «እትዬ» ይላታል፤ ሚስቱም «እትዬ» ትላታለች። ጠዋት እሱ ሲፈትግ እሷ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች።

«እንዴት ነች?» ይላታል፣ ወደ ኋላ አፈግፍጎ።

«መስታወት ነች» ትላለች እትዬ። «ምንም የላትም። እጅህ የተባረከ ነው።»

እሱም ቀኑን ሙሉ በዚህ ቃል ይኖራል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ደንበኞቹ ከወንበራቸው ቀና የሚሉት፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚነግራቸው እትዬ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ የሞራ ግርዶሽ እንደነበረባት ነው። ክር በመርፌ ማስገባት ካቆመች ቆይታለች። ሰው የምትለየው በአረማመዱና በድምፁ ነው። መኪናዋ እሷ ፊት ቆማ ስትታይ አንድ ትልቅ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበረች፤ ጥላ ደግሞ መቼም አይቆሽሽም። «በከተማው ሙሉ መኪናዬን የሚያደንቅ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም አያይም» ይላል መነጽር ሠሪው። «ኦፕሬሽን እንድታደርግ ስለምናት ነበር፤ ቢላዋ ፈርታ እምቢ አለችኝ። ከልቤ መለመኔን ግን ዛሬ ሳስበው እጠራጠራለሁ።»

የእሱ ዓይንስ? የእሱ ዓይን ደህና ነበር፤ እሱ እንደሚለው። ጋዜጣ ሲያነብ ክንዱን ዘርግቶ ያርቀዋል። ብሎን ሲያጠብቅ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። «የሱቁ መብራት ደከመ» እያለ አምፖል ይለውጣል፤ ደጋግሞ ስለለወጠ ሱቁ እንደ ማደያ ያበራል። በሱ ዕድሜ ያለ ደንበኛ መጥቶ ይህንኑ ቢነግረው፣ ቃሉን ሳያስጨርስ የማንበቢያ መነጽር ዓይኑ ላይ ይሰካለታል። ለራሱ ሲሆን ግን፣ መነጽር የሚያደርግ መነጽር ሠሪ፣ የሚያስል ሐኪም ይመስል ደንበኛ ያሸሻል ብሎ ደመደመ።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ሆነ። አንድ ደንበኛ አዲስ መነጽሩን ሊወስድ ሲመጣ፣ ሌንሱን ለመጨረሻ ጊዜ ልጥረግልህ ብሎ ነጭ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እጁን ሰደደና ያገኘውን ጨርቅ አወጣ። ያገኘው የመኪናዋን ነበር። ደንበኛው መነጽሩን አድርጎ «ጭጋግ አለበት» አለ። መነጽር ሠሪው ወደ አዲሶቹ አምፖሎች ቢያነሳው ሌንሱ ተሞነጫጭሯል። ለሙያው ሲል እንኳ «ይሄ ጨርቅ ምን ይዟል?» ማለት ነበረበት። እሱ ግን «የፋብሪካ ስህተት ነው» ብሎ ሌላ ሠራለት። ግድግዳው ላይ፣ ከራሱ በላይ፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «መነጽርዎን በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉ፤ አቧራው ይጭራል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።

እትዬ ኦፕሬሽኑን እሺ ያለችው ሚስቱ አግባብታት ነው። ቀኑ ደረሰ። መነጽር ሠሪው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ላቫጆ ወስዶ፣ ራሱ በእጁ ሰም ቀብቶ፣ አሽቶ፣ አጽድቶ ነበር። እንደዚያን ዕለት አብርታ አታውቅም። ወዲያው ዝናብ መጣና ሲዘንብ አደረ። ሰፈሩ ደግሞ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ፣ ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ጭቃው እንደ ገንፎ ተንተክትኮ ነበር።

በሩን ከፍቶ ጭቃውን አየ። መኪናዋን አየ። ተመልሶ ጭቃውን አየ። ሌላ ሰው እህቱን ሐኪም ቤት ለማድረስ ጨርቄን ማቄን ሳይል ይነሳል። እሱ ቃል በቃል «ጨርቄን» አለ።

«ታክሲ ልጥራላችሁ?» አለ። «ምቾት እንዲሰማት ብዬ ነው። ታክሲዎች መንገዱን ለምደውታል።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች አየችው። የመለሰችው እትዬ ነች። «እውነቱን ነው» አለች፣ በእጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች። «እንዲያ የምታበራ መኪና ጭቃ ውስጥ አትገባም። ታክሲ ይበቃኛል እኔ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ አያጣም። ቁልፉን አምጥቶ በሩን ከፈተላት፤ መቀመጫው ላይ ፌስታል ዘርግቶ እንደነበር ትዝ ሲለው በፍጥነት ጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ጣለው። ጭቃውን እንቁላል የተሸከመ ሰው ይመስል እያዘገመ ተሻገረ። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ እፎይ ሲል፣ አሸዋ የጫነ መኪና በጎኑ ሽው ብሎ አለፈና መኪናዋን ከጣሪያ እስከ ጎማ በጭቃ አጠመቃት።

«ምንድነው?» አለች እትዬ ድምፁን ሰምታ።

«ምንም አይደለም» አለ እሱ። በሕይወቱ ከዋሻቸው ውሸቶች ያቺ ነች የከበደችው።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ አወረዳቸው። «እናንተ ግቡ፣ እኔ አቁሜ እመጣለሁ» አለ። ማቆሙንም አቆመ። መምጣቱ ነው የቀረው። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ጭቃው ቶሎ ሲደርቅ ቀለሙ ላይ ሲነክስ ታየው። «አንዴ ብቻ ጠረግ» አለ በሆዱ። ከኮፈኗ ጀመረ። አሸዋው ከጨርቁ ሥር ኪርር ኪርር ሲል ይሰማዋል፤ ድምፁን የመጽዳት ድምፅ ነው ብሎ ወሰደው። ከኮፈኗ ወደ በሯ፣ ከበሯ ወደ ኋላዋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጨርቅም ቢጨመርበት ተረቱ አይጎዳም፤ የያዘው ጨርቅ ያን አሸዋ ይዞ መኪናዋን ሙሉ ዞረ፣ ሞኙም ጨርቁን ይዞ አብሮ ዞረ።

ገብቶ ሲፈልጋቸው ሚስቱ አንድ ረጅም መተላለፊያ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኛት። የእትዬ ነጠላ ጫማና የአንገት ልብስ ጭኗ ላይ ነበር።

«የት አለች?»

«ገባች።»

«ምነው ሳትጠሩኝ?»

«ጠርታሃለች» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ሰሌዳ ላይ የወጣ የሂሳብ መልስ የምታነብ ነበር የምትመስለው። «ነርሷ እጇን ስትይዛት ፈራች። ‹ወንድሜ ይምጣልኝና እገባለሁ› አለች። ወጥቼ ከደረጃው ላይ አየሁህ። ጎንበስ ብለህ የጎማዋን ቸርኬ ትጠርግ ነበር። ተመልሼ ‹ማቆሚያ አጥቶ ነው› አልኳት። ‹ይሁን እንግዲህ› ብላ ገባች።»

ተቀመጠ። ጨርቁ እጁ ላይ ነበር፤ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ካፖርቱን አልለበሰም፣ የሱሪው ኪስ ጠበበው፣ ወንበሩ ላይ እንዳያስቀምጠው ጭቃ ነው። እንደያዘው ቆየ። ይህን ሲያወራ ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ እሱም እስከዚህ ድረስ አብሯቸው ይስቃል። ከዚያ ግን «እሷ እኮ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን እያለቀስኩ እንዳልቀር፣ ሥራዋን ትታ መስኮቱ ሥር ቆማ ውላለች» ይልና የሌንስ መሞረጃውን ለማስተካከል ይነሳል።

ኦፕሬሽኑ በደህና አለቀ። እትዬ አንድ ዓይኗን ተሸፍና ወጣች፤ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማቆሚያ አገኘህ?» ብላ ነበር። «አገኘሁ እትዬ» አላት። ሚስቱ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

በማግስቱ ሽፋኑ ሊነሳላት ሦስቱም ተመልሰው ሄዱ። ይህን ጊዜ አብሯት ገባ፤ እጇንም ያዘ። የዓይን ሐኪሟ ሽፋኑን አንስታ፣ ጠርጋ፣ ጠብታ ጣል አድርጋ «እስቲ ቀስ ብለሽ ግለጭው እናቴ» አለች። እትዬ ገለጠች። መስኮቱን አየች፣ የሐኪሟን እጅ አየች፣ ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ እንባ ጠብቆ ነበር።

«አርጅተሃል» አለችው።

«ምን ላድርግ እትዬ።»

«አይ፣ ደህና ነው። ከአባታችን ጋር ቁርጥ ነህ።» ፊቱን ዳበስ አደረገችውና ወደ ሚስቱ ዞረች። «አንቺ ግን እንዳለሽ ነሽ።» ሚስቱ እየሳቀች ወደ በሩ መራቻቸው።

ወደ መኪና ማቆሚያው ወጡ። እሱ ፈጠን ፈጠን ብሎ ቀደመ። የሐኪም ቤቱን ጉዳይ ታስረሳልኛለች ብሎ ተስፋ ያደረገው ይህችን ደቂቃ ነበር፤ እትዬ መኪናዋን በደህና ዓይኗ ስታያት። ጠዋት በደንብ ፈትጓታል። ቁጭ አድርጎ የሚያሳያት ዕቃ ይመስል ኮፈኗ አጠገብ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

እትዬ ቆመች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘመም አደረገች፤ ድሮ የተሰፋ ልብስ ስትመረምር እንደምታደርገው። ወደ በሩ ሄደች። ተመልሳ መጣች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ሳትነካ አየር ላይ ክብ ሠራች።

«ድመት ትተኛባታለች እንዴ?» አለች።

«የምን ድመት?»

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ የሞነጨራት?»

«የት ጋ?»

«ያልተሞነጨረው የት ጋ ነው ብለህ ጠይቀኝ እንጂ። እየው፣ ፀሐዩ ባረፈበት ዙሪያውን ክር ክር ብሏል። ክብ ክብ እያለ። የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው።»

እሱ ጎንበስ አለ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያበራ ነገር ታየው። «የፀሐይ ነጸብራቅ ነው እትዬ፤ ዓይንሽ ገና አልለመደም» አላት። ከትናንት በፊት ምንም የማታየውን ሴት፣ ዛሬ ስታይ አታይም አላት። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ከዚህ የበለጠ አይናገርም።

ሚስቱ ቦርሳዋን ከፈተች። የተማሪ ደብተር ስታርም የምታደርገውን የማንበቢያ መነጽር አወጣች፤ ራሱ ነበር የሠራላት። አፍንጫው ላይ ሰካችለት።

አየ።

ኮፈኗ ከዳር እስከ ዳር ተጭሯል። ፀሐይዋ በቀለሙ ላይ ባረፈችበት ነጥብ ዙሪያ ቀጫጭን ጭረቶች ክብ እየሠሩ ተደራርበዋል፤ የእጁን አዟዟር አንድ በአንድ መከተል ይቻላል። እዚህ ጋ በቀኝ እጁ ዞሯል። እዚያ ጋ ደክሞት በግራው ቀጥሏል። ወፏ የጣለችበት ቦታ ላይ ጥፍሩ አለ። የትናንቱ አሸዋ በበሩ ላይ ጥልቅ መስመር ጎትቶ ወጥቷል። ቁልፍ ይዞ የመጣ ጠላት በአንድ ምሽት እንዲህ አያደርጋትም፤ ለዚህ ፍቅር፣ ትዕግሥትና የዘወትር ትጋት ያስፈልጋል።

ግድግዳው ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ከነፊደሉ መጣበት። ለስንት ሰው ነግሯል። አቧራ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ በሸሚዝ ጫፍ ስትፈትገው መስታወቱን በድንጋይ ነው የምትፈትገው፣ መጀመሪያ በውሃ አለቅልቅ፣ ከዚያ ረጠብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ሳትጫን አንሳው። ሕፃን ሽማግሌው ይህን ምክር ከሱ አፍ ሰምቷል። የራሱ ጆሮ ብቻ አልሰማም፤ አፉ አጠገብ ሆኖ ሳለ።

የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አልቻለችም፤ መኪናዋን ተደግፋ ሳቀች። ከገዟት ጊዜ ጀምሮ መኪናዋን ስትደገፍ የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ተነሽ አላለም። እትዬ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«እኔ እንኳን አለማየቴ ደግ ነበር» አለች። «አይቼ ቢሆን ኖሮ ማን ያደንቅልህ ነበር?»

ያን ጊዜ እሱም ሳቀ። ከዚያም ሳቁ ሲያልቅ «ትናንት ማቆሚያ አጥቼ አይደለም እትዬ» አለ።

«አውቃለሁ» አለች። «ስትመጣ ሰም ሰም ትሸት ነበር። ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ መቼ ታመመ? ተነስ አሁን፣ ርቦኛል።»

ከዚያ ወዲያ ለራሱ መነጽር ሠራ። ፎቶ አንሺው ያንኑ ቀን በነጻ ፎቶ አነሳው፤ «ለታሪክ ነው» ብሎ። ደንበኞቹም አልሸሹም፤ እንዲያውም ብሎኖቻቸው ከድሮው ይልቅ ቀጥ ብለው ይገቡ ጀመር። የላባ መጥረጊያውን ሚስቱ የመጽሐፍ መደርደሪያዋን ታራግፍበታለች።

መኪናዋን ትልቅ ሌንስ ነች ብሎ ተቀበላት። ጠዋት አቧራ ለብሳ ቢያገኛት፣ ስስ ከሆነ ይተዋታል። ባረፈችበት የተቀመጠች አቧራ ማንንም አትጎዳም፤ የሚጎዳው እሷን ይዞ የሚጎተተው እጅ ነው። ወፍራም ከሆነ ወይም እንግዳ ከመጣ፣ ጥላ ውስጥ ያቆማትና ጥቂት ሻምፑ ጠብ ያለበትን ውሃ በመርጫ ይረጫታል፤ ቆሻሻው እስኪርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ የታጠበ ለስላሳ ጨርቅ አራት አጥፎ ሳይጫን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይስበዋል፤ ጨርቁን ገልብጦ በንጹሑ ገጽ ይቀጥላል። ክብ መሥራት ቀርቷል። ጭቃ ከሆነ ጨርቅ አይነካትም፤ ውሃ ብቻ። የወፍ ነገር ሲያገኝ እርጥብ ጨርቅ ያለብሰውና ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል፤ በራሱ ለቅቆ ይጠብቀዋል። ሰሙን አልተወም። ሰም የተቀባች መኪና ላይ አቧራው እንደ እንግዳ ያርፋል እንጂ ሥር አይሰድም።

ጭረቶቹን ላይ ላዩን በፖሊሽ አሳሳቸው። ጥልቆቹ ግን ቀሩ። የበሩ መስመር እስከ ዛሬ አለ። ደንበኛ አላምንም ካለው ወደ ውጭ ወስዶ ያሳየዋል።

እትዬ ሁለተኛውንም ዓይኗን ተሠራች። መርፌዋን አነሳች፣ ሥራዋን ጀመረች፣ የጎረቤቱን ቤት መጋረጃ ቀለም ተቸች። አንድ እሑድ ጠዋት እሱ መርጫውን ይዞ ሲወጣ፣ ወንበሯ ላይ አልነበረችም። መኪናዋ ውስጥ፣ መሪው ፊት ተቀምጣለች።

«ምን እያደረግሽ ነው እትዬ?»

«ማየት ካልቀረ ከዚህ ሆኜ ልይ ብዬ ነው። አስተምረኝ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«አንተ በዚያ ዕድሜህ ነው መነጽር ያደረግከው» አለችው።

እምቢ የሚያሰኘው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ሁሉም ግን ያን መተላለፊያና ጭን ላይ የተቀመጠውን ነጠላ ጫማ አልፈው መውጣት አልቻሉም። በሌላው በር ዞሮ ገባ።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ሰው የማይኖርበት ሜዳ አለ። ሣር የማያውቅ ደረቅ አፈር ነው። እዚያ ወሰዳት። ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑን፣ ነዳጅ መስጫውን አሳያት። መጀመሪያ ሲነሱ መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለችና ጠፋች። ሁለተኛ ዘለለች። ከዚያ ግን ቀስ ብላ ተንሸራተተች፤ እትዬ እግሯን ስታነሳና ስትጥል ልኩን አገኘችው።

«ይሄ እኮ ያው የስፌት መኪና ነው» አለች፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳታነሳ። «በእግር ትረግጣለህ፣ በእጅ ትመራለህ፣ ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ቀድመህ ታያለህ። ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ ማለት ነው።»

ሜዳውን እየዞሩ አቧራው ተነሳ። ከኋላ ተነስቶ ከፊት ይቀድማቸዋል። በመስኮቱ ገባ፣ መነጽሩ ላይ አረፈ፣ ጥቁሯን ኮፈን በዓይኑ ፊት ቡናማ አደረጋት። መነጽር ሠሪው እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ያዛቸው።

«ልመልሳት ይሆን?» አለች እትዬ። «ቆሸሸችብህ።»

«ትንሽ ዙሪ» አለ። «ማርሽ አልቀየርሽም ገና።»

ማርሹን ነገራት፤ እሷም ቀየረች። ያለ ችግር አልነበረም፣ ከሥር አንድ ነገር ጮኸ። ከዚያ ግን ፈጠን አለችና ሜዳው ጫፍ ድረስ ሄደች፤ እዚያ ደርሳ ወደ ኋላ እንዴት እንደሚኬድ ጠየቀችው።